መጠየቅና መወሰን፦ ጠፍ የከተማ መሬትና የነዋሪው ድርሻ

“ጠፍ መሬት” ሲባል ባላገር የሚያስበው ባለቤቱ ጥሎት የሄደውን እርሻ ነው። በከተማ ግን ጠፍ የሚፈጠረው ፋብሪካ ሲዘጋ፣ የባቡር ግቢ ሲተው ወይም አውራ ጎዳና ሰፈርን ለሁለት ሲከፍል ነው። እንዲህ ያለው ቦታ እንደገና በሚለማበት ጊዜ የነዋሪው ድርሻ እስከ ምን ድረስ ነው? የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄውን በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ በተፈጸሙ ሁለት ጉዳዮች ማብራራት ነው። ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካዊቱ ሼሪ አርንስታይን በ1969 ባወጣችው ጽሑፍ የዜጎችን ተሳትፎ በስምንት እርከን መሰላል መስላዋለች። በታችኛው እርከን ማታለል፣ በአራተኛው ምክክር፣ በላይኛው የዜጎች ሥልጣን ይገኛል። በምክክር እርከን ሹም ይጠይቃል፣ ሕዝብ ይናገራል፣ ውሳኔው ግን የሹም ብቻ ነው።

በምዕራብ ኦክላንድ፣ በ1957 የተከፈተው ባለ ሁለት ደርብ የሳይፕረስ አውራ ጎዳና የጥቁር አሜሪካውያንን ሰፈር ሰንጥቆት ኖረ። በኦክቶበር 17 ቀን 1989 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ተደርምሶ 42 ሰዎች ሞቱ። የካሊፎርኒያ የመጓጓዣ መሥሪያ ቤት በዚያው መስመር መልሶ ሊሠራው ሲያስብ፣ ነዋሪዎቹ ተደራጅተው እምቢ አሉ። አዲሱ መንገድ ሰፈሩን ዞሮ በባቡር ግቢው በኩል ተሠራና በ1997 ተከፈተ፤ አሮጌው መስመርም በ2005 ማንዴላ ፓርክዌይ የተባለ ዛፍ የተተከለበት ጎዳና ሆነ።

የሳን ሆዜ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በዲሪዶን የባቡር ጣቢያ ዙሪያ፣ የቀድሞ ፋብሪካዎችና የመኪና ማቆሚያዎች በነበሩበት 80 ኤከር ያህል መሬት ላይ፣ ጉግል ቢሮና መኖሪያ ለመሥራት አቀደ። የከተማው ሹማምንት በ2017 ምስጢር ለመጠበቅ ፈረሙ፤ ነዋሪዎች ያሉበት አማካሪ ጓድ የተቋቋመው በ2018 ነው። ምክር ቤቱ ዕቅዱን በ2021 ሲያጸድቅ 200 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለማኅበረሰቡ እንደሚውል ቃል ተገባ። ይሁን እንጂ አብዛኛው ክፍያ ከቢሮዎቹ ግንባታ ጋር የታሰረ ስለ ነበር፣ ኩባንያው በ2023 ሥራውን ሲያቋርጥ ተስፋውም አብሮ ቆመ።

ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። የ1975ቱ አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ የ1995ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው አለ። ኪራዩ ዝቅተኛ፣ ዕድሳቱ ከዚያም ያነሰ የነበረው የቀበሌ ቤት ሲጎሳቆል፣ ሰፈሩ “ያረጀ” ይባልና ይፈርሳል። በ2024 በፒያሳና በካዛንችስ የሆነውን አንባቢ ያስታውሳል። እርግጥ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን እንዲጠየቁ መብት ይሰጣል። ሆኖም ይህ መብት ሙሉ በሙሉ ቢከበር እንኳ የሚያደርሰን እስከ አራተኛው እርከን ነው።

የምዕራብ ኦክላንድ ነዋሪ መንገዱን ያስዞረው ዕቅዱ ሳይጸና እምቢ ለማለት ስለ ቻለ ነው። ስለዚህ የሀገራችንን ከተሞች መልሶ ማልማት ስንመረምር፣ የስብሰባውን ብዛት ከመቁጠር በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባናል። ቦታውን “ጠፍ” ወይም “ያረጀ” ያለው ማን ነው? ነዋሪው የተጠራው ከዕቅዱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? “አይሆንም” ቢልስ የሚለወጥ ነገር አለ?