በጫማችን ጭቃ የሚሄደው በሽታ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በበዓል ሰሞን ወደ አገር ቤት ወርደን ወላጆቻችንን የምንጠይቅ የመንግሥት ሠራተኞች ብዙዎች ነን። ስኳሩንና ቡናውን ሸክፈን ስንሄድ ሳናውቀው በሽታም ይዘን እንዳንገባ ስለምሠጋ፣ ይህችን አጭር ማሳሰቢያ በአምድዎ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ባለፈው ፋሲካ በመንገዴ ላይ አንድ የከብት ገበያ ገብቼ ዋጋ ስጠይቅ ዋልሁ፤ በዚያው ጫማዬም አባቴ በረት ገባሁ። በሳምንቱ አንደኛው በሬ ለሐጩ ይዝረበረብ፣ ያነክስም ጀመር። አፍተግር የሚባለው የአፍና የእግር በሽታ ነበር። በሬው አልሞተም፤ ነገር ግን በእርሻው ወራት ከጥማድ ስለ ወጣ አባቴ በሰው በሬ አረሱ። በሽታውን ያመጣሁት እኔ ነኝ ብዬ መማል አልችልም፤ አላመጣሁም ብዬም መማል አልችልም። የኬሚስትሪ መምህር እንደ መሆኔ ስለ አሲድ በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ ዕውቀቴ ግን ከሰሌዳው አልፎ እስከ ጫማዬ አልደረሰም ነበር።

የዚህ በሽታ ቫይረስ በፕሮቲን ቅርፊት የተሸፈነ ነው። የስብ ልባስ ስለሌለው ሳሙና ብቻውን አያጠፋውም። ድክመቱ ኮምጣጣ ነገር ነው፤ የአሲድ መለኪያው ፒኤች ከ6 በታች ሲወርድ ቅርፊቱ ይፈራርሳል። ስለዚህ ብርቱ መርዝ ሳያስፈልግ ለስላሳ አሲድ ይበቃል። በ1 ሊትር ውሃ 2 ግራም ሲትሪክ አሲድ መበጥበጥ፣ ወይም 5 በመቶ አሲድ ያለውን አቼቶ ሁለት እጁን ከሦስት እጅ ውሃ ጋር መቀላቀል ነው።

ነገር ግን ሥርዓት አለው። አስቀድሞ ጭቃውና እበቱ ተፍቆ ጫማው በሳሙና ይታጠብ፤ በንጹሕ ውሃም ይለቅለቅ፤ እበትና ሳሙና የአሲዱን ኃይል ያደክማሉና። ከዚያ በኋላ በአሲዱ ርሶ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ። ከበረኪና ጋር ግን ከቶ አይደባለቅ፤ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። ይህም የጫማና የዕቃ ማጽጃ እንጂ ለታመመ ከብት መድኃኒት አይደለም፤ ክትባትንና የእንስሳት ሐኪምን አይተካም፤ ሌላውን ቫይረስ ሁሉ ይገድላል ማለትም አይደለም።

በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. ይኸው በሽታ ገብቶ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት በተገደሉ ጊዜ፣ በየእርሻው በር ላይ በመድኃኒት የራሰ የጫማ መርገጫ ተነጥፎ ነበር። እዚያ ያላሳፈረ ነገር እኛን የሚያሳፍርበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ለመጪው በዓል ስንሄድ ከስጦታው ጋር አንድ ጠርሙስ አቼቶና አንድ ብሩሽ እንያዝ። የተማረ ልጅ በአባቱ በረት ደጃፍ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ቢያጥብ ክብሩ አይቀነስም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር