ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስለሚወስደው የዙሪያ መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በዳንግላ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ማለፉ ግድ ነው። በዚያም ነዳጅ ይቀዳል፣ ምሳ ይበላል፣ የመሸበትም ያድራል። ከእነዚህ መንገደኞች መካከል የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ለማየት የሚሄዱ ስለሚገኙ፣ ባለሱቁም ሆነ ባለሆቴሉ «መንገዱ እንዴት ነው? ውኃውስ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰውን ያውቅ ዘንድ ይህን ጽሑፍ አቅርበናል።

ውኃው ለምዕራብ ጎጃም ሰው ባዕድ አይደለም። ከፍኖተ ሰላም በስተ ሰሜን ባለው በሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ከተባለው ምንጭ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ሐይቅ ይገባል። ከሐይቁ በባሕር ዳር በኩል የሚወጣው ዓባይ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከወረደ በኋላ ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ገደል ይወረወራል። ወንዙ ሲሞላ የፏፏቴው ስፋት እስከ 400 ሜትር ይደርሳል።

የእግር መንገዱ ቀላል ነው፤ በሄዱበት የማይመለሱበት የዙሪያ መንገድ በመሆኑም አይሰለችም። በጢስ ዓባይ ከተማ የመግቢያ ቲኬት ከተቆረጠ በኋላ ቁልቁል ሲወርዱ በመጀመሪያ የሚገኘው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት፣ በ1618 ዓ.ም. ገደማ፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራው የአላታ ድልድይ ነው። ብዙ ሰው የፖርቱጋሎች ድልድይ ይለዋል። ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኝ ስለ ነበር፣ ቱሪስት የሚባል ሰው ሳይታወቅ አስቀድሞ የነጋዴና የገበያተኛ መሻገሪያ መሆኑን የሞያ ባልደረቦቻችን እንዲያስታውሱት እንወዳለን። ከድልድዩ ማዶ ጥቂት ዳገት ተወጥቶ ከፏፏቴው ፊት ለፊት ይደረሳል። በዚያም የአካባቢው ሴቶችና ልጆች ቅል፣ የአንገት ልብስና ሌላም የእጅ ሥራ ዘርግተው ይሸጣሉ። ከዚያ ተንጠልጣዩን ድልድይ ተሻግረው ወደ ፏፏቴው ግርጌ ሲጠጉ፣ ለቦታው ስሙን ያወጣለት ጢስ መሰል እርጥበት ያለመለመው ዛፍና ቁጥቋጦ ይቀበላል፤ ጦጣና ልዩ ልዩ ወፍም አይታጣም። መመለሻው ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ ተሻግሮ ወደ ከተማው ነው። ጉዞው ያለ ጥድፊያ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ወንዙ እጅግ በሞላ ጊዜ ጀልባው ስለማይሠራ ግን በመጡበት በድንጋዩ ድልድይ መመለስ ያስፈልጋል።

አሁን ዋናውን ነገር እንናገር። የፏፏቴው ውኃ በየወሩ አንድ ዓይነት አይደለም። ምክንያቱ የበጋው ወራት ብቻ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ኃይልም ነው። በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ፣ ለባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጭምር ኃይል የሰጠው፣ የሚወስደው ውኃ ጥቂት ስለ ነበር ፏፏቴውን እምብዛም አልጎዳውም። በ1988 ዓ.ም. ከጣና መውጫ ላይ የጨራ ጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ፤ በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ጣቢያ ተጨመረ። ይህም ጣቢያ ውኃውን ከፏፏቴው በላይ ጠልፎ ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ የሚመልስ በመሆኑ፣ ገደሉ በበጋ ራቁቱን የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የ460 ሜጋ ዋቱ የጣና በለስ ጣቢያ በበኩሉ የሐይቁን ውኃ ወደ 12 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወስደዋል፤ ያ ውኃ ወደ ፏፏቴው ከቶ አይመለስም።

ሱቁን በኤሌክትሪክ መብራት የሚያበራ፣ ወፍጮውን በኤሌክትሪክ የሚያስፈጭ ነጋዴ ይህን ሥራ ሊነቅፍ አይችልም፤ እኛም አንነቅፍም። ነገር ግን የመስከረምን ፏፏቴ ሥዕል አሳይቶ መንገደኛውን በሚያዝያ መላክ፣ ንጹሕ በርበሬ በናሙና አሳይቶ ነቀዝ የበላውን ጭኖ ከማስረከብ አይለይም። የተታለለው ገዢ ሁለተኛ እንደማይመጣ የታወቀ ነው፤ ወዳጆቹንም ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ለሚጠይቅ ሁሉ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ የተሻለ መሆኑን፣ ከጥር ወዲህ ግን የሚታየው ቀጭን ፈሳሽ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ መንገር ይገባል። ውኃውን የሚያዙት ባለሥልጣኖችም በበጋ በምን ቀን ምን ያህል እንደሚለቀቅ አስቀድመው ቢያስታውቁ፣ ባለጀልባውም ባለሆቴሉም ሥራውን በዚያ ልክ ሊያሰናዳ ይችል ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት የመንገደኛው ቁጥር እጅግ መቀነሱን ነጋድያን ሁሉ በገቢያቸው አይተውታል። ዛሬም ለመሄድ የሚያስብ ሰው ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከሾፌሮች ይጠይቅ። የማያንሸራትት ጫማ ያድርግ፤ ለጀልባውና ለቅል ሻጮቹም ዝርዝር ብር ይያዝ።