ሰንጢ ሲገዙ ስለቱን ይጠይቁ

ለአባትዎ ስጦታ የሚሆን ሰንጢ እየፈለጉ ነው? ከእጀታው ውበት በፊት ስለቱ ከምን ብረት እንደተሠራ ይጠይቁ። ሰንጢውን ዕድሜ ልክ የሚያኖረው ወይም በአንድ ክረምት ዝጎ እንዲጣል የሚያደርገው እሱ ነውና።

የፈረንሳዩን ኦፒኔል እንውሰድ። ጆሴፍ ኦፒኔል በ1890 እ.ኤ.አ. በሳቫዋ ተራሮች የጀመረው ይህ ባለ እንጨት እጀታ ሰንጢ ዛሬም በሁለት ዓይነት ብረት ይሸጣል። አንደኛው 0.9 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው ነው፤ በቀላሉ ይሳላል፣ ቶሎም አይዶለድምም። ነገር ግን ሎሚ ተቆርጦበት ሳይጠረግ ካደረ ይጠቁራል፤ እርጥበት ካገኘው ይዝጋል። ሁለተኛው ክሮሚየም የተጨመረበት የማይዝግ ብረት ነው።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ሰንጢው ለሽርሽርና ፍራፍሬ ለመላጥ ከሆነ የማይዝገውን ይምረጡ። አባትዎ እንጨት መጥረብና ስለት መሳል የሚወዱ ከሆነ ግን የካርቦኑ ይስማማቸዋል። ከተጠቀሙበት በኋላ አጥበው ወዲያው ያድርቁት፤ አልፎ አልፎም ጠብታ የምግብ ዘይት ይቀቡት። ስለቱ ግራጫ መልክ ቢይዝ አይደንግጡ፤ የአገልግሎት ምልክት ነው። ቀዩን ዝገት ግን ሳይውል ሳያድር ያስለቅቁት።