ዘይት የነካው ፍሬን፦ ከካራማራ ቁልቁለት እስከ ብስክሌት ዲስክ

ከሐረር ተነሥቶ ባቢሌን አልፎ ወደ ጅግጅጋ የሚዘልቀው መንገድ ከባሕር ጠለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ ወደምትገኘው ሜዳማዋ ከተማ ከመግባቱ በፊት የካራማራን ተራራ ያቋርጣል። ብዙዎቻችን ይህን ተራራ የምናውቀው በ1970 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት ነው። መንገዱን ዘወትር ለሚመላለስበት ሾፌር ግን ካራማራ አስቀድሞ የፍሬን ጉዳይ ነው። ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩን ይፈትናል፤ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ፍሬኑን።

ከእኛ አንዱ ይህን እውነት የተማረው በመኪና ሳይሆን በብስክሌት ነበር። የብስክሌቱ ሰንሰለት (በተለምዶ ካቴና የምንለው) ቢደርቅበት ከጣሳ በሚነፋ ዘይት ረጨው። በማግስቱ ተራራውን ወጥቶ ሲመለስ፣ የኋላውን ፍሬን ቢይዝ ብስክሌቱ እንደ ቆርቆሮ ጮኸ እንጂ ፍጥነቱ አልቀነሰም። የፊተኛው ፍሬን ብቻውን እያቃጠለ፣ እሱም በእግሩ አስፋልቱን እየጎተተ ወረደ። የጫማው ሶል ተበልቶ ሜዳው ላይ ደረሰ። ብስክሌቱን ስንመረምረው የተሰበረም የላላም ነገር አላገኘንም። ጥፋቱ በሙሉ ከዲስኩ ገጽ ላይ ጣት ቢነካው እንኳ እምብዛም የማይታወቅ ስስ የዘይት ሽፋን ነበር። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ያ ስስ ሽፋን ምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚገባና እንዴት እንደሚወገድ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ፍሬን ፍጥነትን የሚያጠፋ መሣሪያ ይመስለናል። እንደ ፊዚክስ አነጋገር ግን ፍሬን የሚያጠፋው ነገር የለም፤ የእንቅስቃሴን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣል እንጂ። ጋላቢውና ብስክሌቱ በአንድነት 90 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፣ ፍጥነታቸውም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር (ማለትም በሴኮንድ 10 ሜትር) ነው እንበል። የእንቅስቃሴ ጉልበታቸው የክብደቱ መጠን በፍጥነቱ ካሬ ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል 4500 ጁል ይሆናል። የብስክሌት ዲስክ ክብደት 120 ግራም ያህል ነው። አንዱን ግራም ብረት በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ ግማሽ ጁል ገደማ ስለሚበቃ፣ ያ ጉልበት በሙሉ ወደ አንድ ዲስክ ቢገባ ሙቀቱን በ75 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። ይህ እንግዲህ አንድ ጊዜ ለመቆም ብቻ ነው። 200 ሜትር ከፍታ ካለው ቁልቁለት ላይ እየያዙ መውረድ ደግሞ 176 ሺህ ጁል ያህል ያመነጫል፤ ሁሉም በዚያው ዲስክ ውስጥ ቢቀር ኖሮ ብረቱ ይቀልጥ ነበር። ዲስኩን የሚያድነው ነፋሱ ነው። የጅግጅጋ ነፋስ አቧራውን ቢያበዛብንም ለዚህ ለዚህስ ውለታ አለው።

ይህን ሁሉ ጉልበት ወደ ሙቀት የሚለውጠው ሰበቃ፣ በሌላ ስሙ ፍትጊያ ነው። የፍሬን ሸራው ዲስኩን ሲጫን የሚፈጠረው የመያዝ ኃይል በሁለት ነገሮች ይወሰናል፦ በተጫነው ኃይልና የሰበቃ ኮኤፊሸንት በሚባለው ቁጥር። ንጹሕና ደረቅ የፍሬን ሸራ ይህ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በ0.3 እና በ0.5 መካከል ይገኛል። በመካከላቸው ዘይት ሲገባ ወደ 0.1 ሊወርድ ይችላል። ለጆሮ ትንሽ ቢመስልም በመንገድ ላይ ሲለካ እንዲህ ነው፦ በሴኮንድ 10 ሜትር የሚሮጥ ብስክሌት በጤነኛ ፍሬን በ10 ሜትር ውስጥ የሚቆም ከሆነ፣ ኮኤፊሸንቱ ከ0.4 ወደ 0.1 ሲወርድ በእጅ የሚጨበጠው ኃይል ሳይለወጥ 40 ሜትር ይፈልጋል። ከጅግጅጋ ወደ ቶጎ ውጫሌ ወይም ወደ አውበሬ በሚወስደው መንገድ ላይ የፍየል መንጋ ሲሻገር ያየ ሰው በ10 እና በ40 ሜትር መካከል ያለውን ልዩነት አያጣውም።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ብረት ለዐይን ለስላሳ ቢመስልም በማይክሮስኮፕ ሲታይ ኮረብታና ሸለቆ የሞላበት ነው። ሁለት ገጾች የሚነካኩት በኮረብቶቹ ጫፍ ብቻ ነው፤ ሰበቃውም የሚመነጨው እነዚያ ጫፎች ተጣብቀው ሲላቀቁና አንዱ ሌላውን ሲፍቅ ነው። ዊሊያም ሃርዲና አይዳ ደብልዴይ የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1922 እንዳሳዩት፣ አንዳንድ የዘይትና የስብ ሞለኪውሎች አንድ ጫፋቸውን በብረቱ ላይ ተክለው ጅራታቸውን ወደ ውጭ ያቆማሉ። ከሞለኪውል ውፍረት ብዙም ያልዘለለ ሽፋን እንኳ የብረቱን ጫፎች ለያይቶ ለማንሸራተት ይበቃል። በዚህ ረገድ ብርቱ የሆኑት ፋቲ አሲድ ያለባቸው የእንስሳትና የዕፅዋት ቅባቶች ናቸው። ስለዚህ ሩዝና የፍየል ሥጋ በእጁ በልቶ፣ ወይም ሶማሌዎች ሱባግ የሚሉትን የነጠረ ቅቤ ነክቶ፣ እጁን ሳይታጠብ ዲስኩን የሚጨብጥ ሰው ሳያውቀው የሰበቃ ሳይንስ ሙከራ እያካሄደ ነው።

ዲስክ ፍሬን አዲስ ነገር አይደለም። ፍሬድሪክ ላንቸስተር የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ለመኪና የሚሆን ዲስክ ፍሬን እ.ኤ.አ. በ1902 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበት ነበር፤ ሸራው ከመዳብ የተሠራ ስለነበረ ጩኸቱ አላስቀምጥ ይል ነበር ይባላል። ዓለም ትኩረቱን የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1953 ጃጓር በዲስክ ፍሬን የሌማንን የ24 ሰዓት ውድድር ሲያሸንፍ ነው። በጎዳና ብስክሌት ውድድር ደግሞ ነገሩ ገና የትናንት ነው። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ በቱር ደ ፍራንስ ሲወዳደር ዲስክ ፍሬን በታላላቅ ውድድሮች ላይ ለጊዜው ታግዶ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የድሮው ፍሬን ቸርኬውን ራሱን በላስቲክ የሚይዝ በመሆኑ ዘይት ቢነካውም በጨርቅ ጠረግ ተደርጎ ብዙ ጊዜ ይድን ነበር። የዲስክ ሸራ ግን ሌላ ፍጥረት ነው።

ይህ የጉዳያችን እምብርት ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት። ዲስኩ የማይዝግ ብረት ነው፤ ቀዳዳ የለሽ ስለሆነ ዘይቱ ከላዩ ላይ እንጂ ከውስጡ አይገባም። ሸራው በአንጻሩ እንደ ደረቅ እንጀራ ዐይን አለው። አንደኛው ዓይነት ቃጫ፣ የጎማ ብናኝና ልዩ ልዩ ማዕድናት በሬዚን ተጣብቀው የሚሠራ ነው። ሁለተኛው የመዳብና የሌሎች ብረቶች ዱቄት በግፊትና በሙቀት ተጋግሮ የሚሠራ ነው። በሁለቱም ውስጥ ጥቃቅን ባዶ ቦታዎች አሉ። የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስበው ሁሉ ሸራውም ዘይቱን ወደ ውስጡ ይስበዋል። እንግዲህ ዲስኩን ብቻ አጽድቶ መሄድ ከንቱ ድካም ነው፤ ሸራው ሲሞቅ የዋጠውን ዘይት መልሶ ያላብና በአንድ ቁልቁለት ውስጥ ዲስኩን እንደገና ይቀባዋል።

ዘይቱ ከየት ይመጣል? ከሰንሰለት ቅባት፣ ከእጅ፣ ወይም ከራሱ ከሃይድሮሊክ ፍሬኑ በሚያፈስ ላስቲክ። በእኛ አካባቢ ሌላም ምንጭ አለ። በረጅሙ የጅላል ደረቅ ወቅት ከከባድ መኪኖች የሚንጠባጠበው ናፍታና ዘይት ከአቧራ ጋር ተለውሶ አስፋልቱ ላይ ይከማቻል። የመጀመሪያው የጉ ዝናብ ሲወርድ ውኃው ከዘይት ስለሚከብድ ዘይቱን አንሥቶ በላዩ ያንሳፍፈዋል፤ ጎማው ደግሞ ያንን ወደ ዲስኩ ይረጨዋል። ስለዚህ በአንድ ወቅት ውስጥ ለፍሬን የሚያሰጋው ትልቁ ዝናብ ሳይሆን የመጀመሪያው ካፊያ ነው። ብርቱ ዝናብ መንገዱን አጥቦ ይሄዳል።

ፍሬን ሲጮህ ሁሉ ዘይት ነክቶታል ማለት አይደለም። ውኃ፣ የላላ ብሎን፣ የተጣመመ ዲስክም ያስጮኸዋል። ከልክ በላይ የሞቀ ሸራም ገጹ እንደ መስተዋት ያብለጨልጭና ይንሸራተታል፤ እሱ ግን በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ ይድናል። ዘይት የጠጣ ሸራ መልኩ ይጠቁራል። ፈቅ አድርገን በጋለ ብረት ላይ ብናስቀምጠው ላብ መሰል ወዝ ያወጣል (የእናታችሁን ምጣድ ለዚህ እንዳትነኩ አደራ)። ፈሳሹ ከፍሬኑ ራሱ የፈሰሰ መሆኑን ለመለየት አንድ ጠብታ ውኃ ላይ መጣል ይበቃል። ዶት 4 ወይም ዶት 5.1 የሚባሉት የፍሬን ዘይቶች በግላይኮል ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ ከውኃ ጋር ይዋሐዳሉ፤ የሽማኖ ፍሬኖች የሚጠቀሙበት የማዕድን ዘይት ግን ይንሳፈፋል። ሁለቱን አቀያይሮ መሙላት ላስቲኮቹን ያበላሻል፤ ከላስቲክ የሚፈስ ፍሬን ደግሞ ምንጩ ሳይደፈን ሸራው ቢቀየር ገንዘብን ውኃ ውስጥ መጣል ነው።

ወደ ማጽዳቱ እንምጣ። ብዙ ሰው እጁ የሚዘረጋው ወደ ነጭ ጋዝ ወይም ወደ ናፍታ ነው። ግራሶ ስለሚያሟሙ ንጹሕ ያደረጉ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም ራሳቸው ቅባታማ ናቸው፣ ሲደርቁም ሽፋን ይተዋሉ። ቤንዚን የእሳት አደጋ ከመሆኑም በላይ ውስጡ ያለው ቤንዚን የተባለው ኬሚካል ካንሰር አምጪ ነው (የስሙ መመሳሰል ተማሪዎችን ሁልጊዜ ያደናግራል፤ አንዱ የነዳጁ፣ ሌላው ስድስት ካርቦን ያለው ቀለበታማ ሞለኪውል ስም ነው)። እኛ የምንመክረው ዲስኩን አውልቆ በመጀመሪያ በሙቅ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ማሸት ነው። የሳሙና ሞለኪውል አንድ ጫፉ ውኃን፣ ሌላው ጫፉ ዘይትን ስለሚወድ ዘይቱን ከብረቱ ነቅሎ ይወስደዋል። ካደረቅን በኋላ በላቦራቶሪ ወይም በመድኃኒት መደብር በሚገኝ፣ ከመቶ 90 እጅ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል መጥረግ፣ ጨርቁንም በየጊዜው መለወጥ ያስፈልጋል። አልኮል ብቻውን ለከባድ ዘይት ደካማ አሟሚ ነውና ሳሙናውን መዝለል ስሕተት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ በርካታ የሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የእጅ ሳኒታይዘር አምርተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በየቤቱ ጠርሙሱ አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ግን ቆዳ እንዳይደርቅ ከመቶ 1.45 እጅ ግሊሰሪን እንዲጨመርበት ያዝዛል። አልኮሉ ሲተን ግሊሰሪኑ ይቀራል። ለእጅ የተባረከው ነገር ለፍሬን መርገም ይሆናል ማለት ነው።

ስለ ሸራው ግን ያን ያህል ተስፋ መስጠት አንችልም። ጥቂት ብቻ የነካው ከሆነ የብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ መስተዋት ላይ ዘርግቶ፣ አቧራው እንዳይነሣ በውኃ እያረጠቡ ገጹን መፋቅ፣ በሳሙና ማጠብ፣ አድርቆ መሞከር ነው። በእሳት ነበልባል ዘይቱን የሚያቃጥሉ አሉ። ከብረት ዱቄት የተሠራው ሸራ ሙቀቱን በተሻለ ይችለዋል፤ ሬዚኑ ግን ከ300 ዲግሪ በላይ መፍረስ ይጀምራል፣ የጋዝ ምድጃ ነበልባል ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ዘይቱን ስናወጣ ማጣበቂያውንም እናቃጥላለን፤ ሸራው ከብረት መደቡ ቁልቁለት መካከል ሊላቀቅ ይችላል። ክሎሪን ባለበት ማጽጃ የተረጨ ሸራ ከተቃጠለ ፎስጂን የሚባል መርዛማ ጋዝ ሊፈጠር ይችላል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰው የተፈጀበት ጋዝ ነው። በእኛ ፍርድ ዘይት የጠገበ የሬዚን ሸራ መጣል አለበት። መለዋወጫው እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ ይህ ከባድ ምክር መሆኑን እናውቃለን፤ አዲሱ እስኪገኝ ድረስ ግን ብስክሌቱ በሜዳው ይነዳ እንጂ ወደ ካራማራ አይውጣ።

አዲስ ሸራ ወዲያው አይዝም፤ መሟሸት ያስፈልገዋል። የሸራው ብናኝ በጥቂት ማይክሮን ውፍረት ዲስኩ ላይ እኩል ሲለበጥ ነው ሙሉ ሰበቃ የሚገኘው። ሜዳ ላይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እየነዱ ፍጥነቱ የሰው እርምጃ እስኪሆን ቀስ ብሎ መያዝ፣ ሳይቆሙ መልቀቅ፣ ይህንንም ከ20 እስከ 30 ጊዜ መደጋገም ነው። ፈጽሞ ከቆሙ የሞቀው ሸራ በዲስኩ ላይ የራሱን ማኅተም ይተዋል፤ ያም በኋላ ይንቀጠቀጣል። ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ ያለው ሜዳ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል።

በከተማዋ ጎዳናዎች የሚርመሰመሱት ባጃጆችም ሆኑ ከወደብ ዕቃ የሚያመላልሱት ከባድ መኪኖች ሸራቸው በታምቡር ውስጥ የተደበቀ ቢሆንም ሕጉ አንድ ነው። እዚያም የፍሬን ሲሊንደር ወይም የአክስል ላስቲክ ሲያፈስ ሸራው ዘይት ይጠጣል፤ አንደኛው ጎማ ዘይት ነክቶት ሌላው ካልነካው ደግሞ ተሽከርካሪው ሲያዝ ወደ ጤነኛው ጎን ይስባል። መኪናው ወደ አንድ ወገን መሳብ ሲጀምር ጋራዥ የሚገባው ሾፌር ቁልቁለቱን ሳይጠብቅ ያወቀ ሾፌር ነው። ታምቡሩ ሲከፈት ግን አቧራውን በኮምፕሬሰር አየር መንፋት አይገባም። በአሮጌ የመኪና ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ ቃጫው ወደ ሳንባ ከገባ ከዓመታት በኋላ ካንሰር ያስከትላል። በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፣ ጨርቁም በላስቲክ ከረጢት ታስሮ ይጣል።

የጓደኛችን ብስክሌት ዲስኩ በሳሙናና በአልኮል ጸድቶ ዛሬም ያገለግላል። ሸራዎቹን ሁለት ጊዜ ፍቀን፣ ሁለት ጊዜ አጥበን፣ በሦስተኛው ሙከራ አሁንም ሲያልባቸው ብናይ ጣልናቸው። ሰንሰለቱን አሁን የሚቀባው በጠብታ ነው፤ ዲስኩንም አስቀድሞ በፌስታል ይሸፍነዋል።