የቴሌፎን ቁልፍ አጀማመር

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ የራሴ ስሕተት ነው። ከትምህርት በኋላ በጅጅጋ ገበያ በአጎቴ ሱቅ እሠራለሁ። አንድ ቀን እናቴ ቶጎ ውጫሌ ሄዳ ሳለ፥ በባለ ቁልፉ የእጅ ስልክ የ100 ብር ሒሳብ ልላክላት ብዬ በ1 ፈንታ 7ን ነካሁና ሒሳቡ ለማላውቀው ሰው ደረሰ። እናቴም ሳትደውልልን አደረች፤ እኛም ሳንተኛ አደርን። ጣቴ ቀኑን ሙሉ ካልኩሌተር ሲመታ ውሎ ነበር። በካልኩሌተር ላይ 1 ከታች ነው፤ በስልክ ግን በዚያው ረድፍ ከበላይ ነው፥ ከሥሩም 7 አለ። ሁለቱ ለምን ተለያዩ ብዬ መጠየቅ የጀመርሁ ያን ጊዜ ነው።

ቴሌፎን ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፥ ከአዲስ አበባ እስከ ጎረቤታችን ሐረር 477 ኪሎ ሜትር መስመር ተዘርግቶ ነበር። ያን ጊዜ መስመር የሚያገናኘው ሰው ነው። በኋላ የመጣው ባለ መዘውሩ ቴሌፎን ቁጥሩን የሚያስታውቀው የኤሌክትሪኩን ጅረት እየቆራረጠ ነው፤ ለ1 አንድ ጊዜ፥ ለ0 ዐሥር ጊዜ። መዘውሩ ተመልሶ እስኪቆምም መጠበቅ ግድ ነው። ዜሮና ዘጠኝ የበዛበት ቁጥር ያለው ሰው ወዳጆቹን ሲያሰለች ኖሯል ማለት ነው!

ይህን ለማሳጠር በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ፥ ጆን ካርሊን በሚባል የሥነ ልቡና ሊቅ የሚመራው ክፍል፥ ቁልፎቹ እንዴት ቢደረደሩ እንደሚሻል ሰዎችን እያስደወለ መረመረ። ውጤቱም እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ታተመ። የሒሳብ መኪናው ድርድር ከተፈተኑት አንዱ ነበረ። በፍጥነት የታየው ልዩነት ጥቂት ቢሆንም 1፥ 2፥ 3 ከላይ የሆነው ተመረጠ።

ስልኩ ለደንበኞች የቀረበው ኅዳር 8 ቀን 1956 ዓ.ም. በፔንሲልቫኒያ፥ ካርኔጊና ግሪንስበርግ በሚባሉ ከተሞች ነው። ቁልፎቹ 10 ብቻ ነበሩ፤ ኮከብና መሰላል የተጨመሩት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ነው። በዚህ ስልክ 1 ሲነካ 697 እና 1209 ኸርዝ የሆኑ ሁለት ድምፆች ባንድነት ይላካሉ፤ 7 ሲነካ 852 እና 1209። ሁለት የሆኑት የሰው ንግግር ወይም ፉጨት እንደ ቁጥር እንዳይቆጠር ነው። የእጅ ስልካችን ቁጥሩን የሚያስተላልፈው በሌላ መንገድ ነው፤ ድርድሩን ግን ከዚያ ወርሷል።

እንግዲህ መሣሪያው 1ን ከ7 አላምታታም፤ ያምታታሁት እኔ ነኝ። አሁን ሒሳብ ከመላኬ በፊት ቁጥሩን ጮክ ብዬ ለአጎቴ አነብለታለሁ፤ እርሱም ይሥቅብኛል።