ማሊያዋን ያጣች ላንድሮቨር

ማሊያ ያልለበሰ ተጫዋች ሜዳ ቢገባ የየትኛው ክለብ ነው ይባላል? የካሜል ትሮፊ ላንድሮቨርም እንደዚያው ናት። ሞተሯ ተፈትቶ ቢገጠም፣ ላሜራዋ ቢቃና፣ ያ የታወቀው ቢጫ ቀለሟ ቢመለስላት እንኳ ጎኗ ላይ የነበረው ስቲከር ካልተለጠፈ የጭቃና የወንዝ ጀግና ነበረች ቢሉት የሚያምን የለም።

ለማያስታውስ አንባቢ፣ ካሜል ትሮፊ በሲጋራ ስም የሚጠራ የመኪና ጉዞ ውድድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 የጀርመን ቡድኖች በጂፕ የብራዚልን አማዞን ሲያቋርጡ ተጀመረ። በዓመቱ በሬንጅ ሮቨር ሱማትራ ላይ ተካሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ያልተረገጠ ጭቃ የለም ማለት ይቻላል። ዛየር፣ ቦርኒዮ፣ ማዳጋስካር፣ ሳይቤሪያ ሁሉ ታይተዋል። ወደ እኛ ሰፈር ቀረብ ያለው ከዳሬሰላም ተነስቶ ቡጁምቡራ የገባው የ1991ዱ ነው። በ2000 ቶንጋና ሳሞአ ላይ በጀልባ ከተካሄደ በኋላ ውድድሩ ቀረ። መኪኖቹ ግን አልቀሩም።

ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ ቢጫ ቀለምና አንድ ጥቅል ስቲከር የገዛ ሰው ተራዋን ዲስከቨሪ “የካሜል ትሮፊ” ማድረግ ይችላል። ስቲከር ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃው የሻንሲ ቁጥርና ሰነድ ነው። እውነተኛዋን የሚያድስ ሰው ግን ሌላ ዕዳ አለበት። የነበረውን በነበረበት መመለስ!

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መለጠፍ ሳይሆን መለካት ነው። አሮጌው ስቲከር ሳይነሳ ፎቶ ይነሳል፤ ከበሩ ጠርዝ ያለው ርቀት በሜትር ተለክቶ ይጻፋል። ቀድሞ ተልጦ ከሆነም ተስፋ አይቆረጥም። ፀሐይ ቀለሙን ስታነጣው ከስቲከሩ ሥር የነበረውን አትነካውምና፣ ከጎን ብርሃን ሲበራበት ፊደሎቹ እንደ ጥላ ብቅ ይላሉ። ቸኩሎ ብርጭቆ ወረቀት ያነሳ ቀለም ቀቢ ታዲያ ይህችን ጥላ በአምስት ደቂቃ ድራሿን ያጠፋታል። ከዚያ በኋላ ያለው የድሮ ፎቶ ፍለጋ መንከራተት ነው።

አሮጌው በስለት አይፋቅም። በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ተደርጎ ከጠርዙ ቀስ እያለ ይላጣል። መኪናዋ አዲስ ቀለም ከተቀባች ደግሞ ትዕግሥት ነው። ላዩ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ያለው ቲነር ለሳምንታት ይተናል። ያን ጊዜ የተለጠፈ ስቲከር እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል።

ቀኑ ሲደርስ ላሜራው በሳሙና ታጥቦ በአልኮል ይወለወላል፤ ፖሊሽ ወይም የእጅ ወዝ ከቀረ ሙጫው አይዝም። ፀሐይ ላይ የጋለ ላሜራ ስቲከሩን ሳይስተካከል ጨምድዶ ይይዘዋል፣ የቀዘቀዘው ደግሞ እምቢ ይላል። ስቲከሩ በመጀመሪያ ከነጀርባ ወረቀቱ በወረቀት ፕላስተር ተይዞ ራቅ ብሎ ይታያል። ሁለተኛ ሰው ቢኖር ደግ ነው፤ ብቻውን የለጠፈ ሰው ጠማማነቱን የሚያየው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

ትልቁን ስቲከር በእርጥብ መለጠፍ ይሻላል (አምራቹ በደረቁ ይለጠፍ ካለ ግን እሱን መስማት ነው)። ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ያለበት ውሃ በላሜራውም በሙጫውም ላይ ይረጫል። ይህ ወዲያ ወዲህ ለማንሸራተት ፋታ ይሰጣል። ቦታውን ሲይዝ በፕላስቲክ መፋቂያ ውሃው ከመሃል ወደ ዳር ይገፋል። ከዳር የጀመረ ሰው አየሩን እዚያው አሰረው ማለት ነው። የላዩ ወረቀት ወደ ኋላ ታጥፎ ይላጣል፤ ፊደል አብሮ ከተነሳ መልሶ ተጭኖ መጠበቅ እንጂ መታገል አያዋጣም። የቀረች የአየር ኳስ በመርፌ ጫፍ ተወግታ በጣት ትጫናለች። ሪቬት ያለበት ቦታ ደግሞ ሞቅ ተደርጎ ዙሪያውን ይተኛል።

አሮጌው ተሸራርፎም ቢሆን የሚነበብ ከሆነስ? ባይነካ ይመረጣል። የታንዛኒያ ፀሐይ ያነጣውን ፊደል አዲስ ማተሚያ አይሠራውም። አንዱ በር ተበላሽቶ የተቀየረ ከሆነ ግን አዲሱን በር ብቻ አልብሶ ሌላውን መተው ይቻላል፤ ሁለቱ ጎኖች አይመሳሰሉም የሚል ይኖራል፣ ይበል።

ሥራው ሲያልቅ መኪናዋ ለጥቂት ቀናት አትታጠብም። ወንዝ ስታቋርጥ ለኖረች መኪና ይህች ዕረፍት ሳትከብዳት አትቀርም።