«ፍሪሲዮን ያዘ»፣ «ፍሪሲዮን ለቀቀ»፦ ስለ ምትክ ፍሪሲዮን አመራረጥና ስለ ስያሜዎቹ

፩. መግቢያ

የቴክኒክ ቃል ዋጋው የሚታወቀው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ በመስፈሩ ብቻ አይደለም። ሁለት ባለሙያዎች፣ ወይም አንድ ባለሙያና አንድ ባለንብረት፣ ያንኑ ቃል ሲናገሩ ያንኑ ነገር ማሰባቸውን ሲያረጋግጥ ነው። ይህ ሳይሆን ሲቀር የሚከተለው ጉዳት የቋንቋ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ገንዘብ ይባክናል፣ ማሽን ይበላሻል፣ አልፎ አልፎም ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። ይህ ጽሑፍ የአንድን የታወቀ የተሽከርካሪ ክፍል፣ ማለትም የፍሪሲዮንን ስያሜዎች ይመረምራል። ለምርመራው የተመረጠው ምሳሌ በእጅ ማርሽ ለሚቀየር የስፖርት መኪና ምትክ ፍሪሲዮን የመምረጥ ጉዳይ ነው። ይህ ምሳሌ የተመረጠበት ምክንያት በዕለታዊ አነዳድ ተሸፍነው የሚቆዩት የትርጉም ልዩነቶች የስፖርት መኪና ላይ ሲደርስ በግልጽ ስለሚታዩ ነው።

ለማነጻጸሪያ የምንወስደው ማዝዳ ኤምኤክስ-5 የተባለውን ባለሁለት ወንበር ክፍት መኪና ነው። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ1989 ቺካጎ ላይ በተደረገው የመኪና ትርኢት ለሕዝብ የታየ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። የመጀመሪያው ሞዴል 1.6 ሊትር ሞተር ወደ 136 ኒውተን ሜትር የሚደርስ የማዞር ኃይል ነበረው። የፍሪሲዮኑ ዲስክ ስፋትም 200 ሚሊ ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. ለ1994 በቀረበው ባለ 1.8 ሊትር ሞዴል የዲስኩ ስፋት ወደ 215 ሚሊ ሜትር አድጓል። ባለንብረቶቹ ሞተሩን ማጠናከር የሚወዱ በመሆናቸው ፍሪሲዮን የመምረጥ ጥያቄ በዚህ መኪና ዙሪያ ዘወትር ይነሣል።

፪. የቃሉ ምንጭና አቀማመጡ

«ፍሪሲዮን» ከጣልያንኛው «ፍሪዚዮኔ» የመጣ ነው። በጣልያንኛ ይህ ቃል በአንድ በኩል ሁለት ገጾች ሲተሻሹ የሚፈጠረውን ሰበቃ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘውን ክፍል ይሰይማል። ወደ አማርኛ የገባው ሁለተኛው ትርጉም ብቻ ነው። «ካምቢዮ»፣ «ጎማ»፣ «ኩሽኔታ»፣ «ሞላ» የተባሉትም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ሲሆኑ፣ በጋራዥ ቤት ሥር ሰድደው አማርኛ ሆነዋል። ስለሆነም «ፍሪሲዮን»ን በአዲስ የግእዝ ቃል ለመተካት መሞከር ትርፉ ድካም ነው። ሹፌሩም መካኒኩም ነጋዴውም የተስማሙበትን ቃል መዝገበ ቃላት ሊያጸናው እንጂ ሊያፈርሰው አይገባም።

ችግሩ ያለው በስሙ ሳይሆን በስሙ ዙሪያ በተሰለፉት ግሦችና ቅጽሎች ላይ ነው። ከእነዚህም አራቱን ቀጥለን እንመለከታለን።

፫. «መያዝ» እና «መልቀቅ»

የመኪና መንዳት አስተማሪ ለተማሪው «ፍሪሲዮን ያዝ» ሲለው ፔዳሉን ርገጥ ማለቱ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ግን ዲስኩ ከቮላኖው ይላቀቃል። «ፍሪሲዮን ልቀቅ» ሲለው ደግሞ እግርህን አንሣ ማለቱ ሲሆን፣ በዚያው ቅጽበት ዲስኩ ቮላኖውን ይይዛል። ይኸውም እግር ሲይዝ ዲስክ ይለቃል፣ እግር ሲለቅ ዲስክ ይይዛል ማለት ነው። አንዱ ግሥ እንደ ባለቤቱ ለሁለት ተቃራኒ ድርጊቶች ይውላል።

በንግግር ጊዜ ይህ ብዙም አያደናግርም፤ ሰሚው ከሁኔታው ይረዳዋል። በጥገና ጊዜ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። አንድ ባለንብረት «ፍሪሲዮኑ አይለቅም» ቢል፣ ዲስኩ ከቮላኖው አልላቀቅ አለ ማለቱ ይሁን ወይስ ፔዳሉ ተረግጦ ወደ ቦታው አልመለስ አለ ማለቱ ከዐረፍተ ነገሩ አይታወቅም። «አይዝም» ቢልም እንደዚሁ ነው። ሁለቱ ብልሽቶች ግን ምክንያታቸውም መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው ብልሽት መንሸራተት ነው። መኪናው በከፍተኛ ማርሽ እየሄደ ነዳጅ ሲጨመርለት የሞተሩ ዙር ወዲያው ይወጣል፣ የመኪናው ፍጥነት ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። ምክንያቱ የሸራው ማለቅ፣ ዘይት መንካቱ፣ የሞላው መድከም ወይም የሞተሩ ጉልበት ከፍሪሲዮኑ ዐቅም በላይ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ብልሽት አለመላቀቅ ነው። ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ እያለ ማርሽ አልገባ ይላል፤ በተለይም የኋላ ማርሽ ይንኳኳል። በኤምኤክስ-5 እንዳለው ዐይነት በፈሳሽ ግፊት በሚሠራ ሥርዓት የዚህ ብልሽት የተለመደ ምክንያት ፈሳሽ የሚያፈስ ሲሊንደር ነው። የታችኛው ሲሊንደር በዚህ መኪና ላይ ከካምቢዮው ሽፋን ውጭ በቡሎን የታሰረ በመሆኑ ካምቢዮው ሳይወርድ ይቀየራል።

እንግዲህ የቃሉ አሻሚነት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ልብ ይሏል። ሲሊንደሩ ያፈሰሰበት ሰው «ፍሪሲዮኑ ሞተ» ተብሎ ካምቢዮ አስወርዶ ጠንካራ ምትክ ቢያስገጥም፣ ብዙ ገንዘብ አውጥቶም ብልሽቱ ከነበረበት አይነቃነቅም። እንዲያውም የአዲሱ ፍሪሲዮን ሞላ ከበድ ያለ ከሆነ በደከመው ሲሊንደር ላይ ተጨማሪ ጫና ይፈጥራል። ስለዚህ በጽሑፍ ሥራ ላይ ለእግር «መርገጥ» እና «እግር ማንሣት»፣ ለዲስክ «መጨበጥ» እና «መላቀቅ»፣ ለብልሽቶቹም «መንሸራተት» እና «አለመላቀቅ» የሚሉት ተለይተው ቢሠራባቸው መልካም ነው። ምትክ ለመምረጥ የሚነሣ ሰውም አስቀድሞ ከሁለቱ ብልሽቶች የትኛው እንደደረሰበት መለየት አለበት።

፬. «ጠንካራ»

ገዢ «ጠንካራ ፍሪሲዮን ስጠኝ» ሲል ይሰማል። ይህም ቃል ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ያመለክታል፤ ብዙ የማዞር ኃይል የሚችል፣ ብዙ ዘመን የሚያገለግል፣ ወይም ፔዳሉ ለእግር የሚከብድ። ሦስቱ አብረው ላይገኙ ይችላሉ።

የፍሪሲዮን ዐቅም የሚወሰነው በአራት ነገሮች ብዜት ነው። እነዚህም የሚተሻሹት ገጾች ብዛት (ለአንድ ዲስክ 2)፣ የሸራው የሰበቃ መጠን፣ ሞላው የሚሰጠው የመጨበጥ ኃይል እና የሸራው አማካይ ሬዲየስ ናቸው። ለምሳሌ ያህል የሰበቃው መጠን 0.3፣ የመጨበጡ ኃይል 4000 ኒውተን፣ አማካዩ ሬዲየስ 0.0825 ሜትር ነው ብንል፣ ዐቅሙ 198 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ይህ ለ136 ኒውተን ሜትር ሞተር ከበቂ በላይ ነው፤ ለዕለታዊ መኪና ዐቅሙ ከሞተሩ ጉልበት ከ1.2 እስከ 1.5 እጥፍ ቢሆን ተገቢ ነውና።

አሁን ባለንብረቱ ተርቦ አስገጥሞ የሞተሩን ጉልበት ወደ 240 ኒውተን ሜትር አደረሰው እንበል። የቀድሞው ፍሪሲዮን ይንሸራተታል። መፍትሔው ቢያንስ በሁለት መንገድ ሊገኝ ይችላል። አንደኛው፣ ዲስኩን ሳያሰፉ የሰበቃው መጠን 0.4 የሆነ ሸራ ማስገባት ነው፤ ዐቅሙ 264 ይሆናል፣ ፔዳሉም አይከብድም፣ መጨበጡ ግን ድንገተኛ ይሆናል። ሁለተኛው፣ የባለ 1.8 ሊትሩን ሰፊ ዲስክ ከነቮላኖው ወስዶ (አማካይ ሬዲየሱን 0.09 ብንል) የመጨበጡን ኃይል ወደ 5400 ኒውተን ማሳደግ ነው። ሸራው ያው 0.3 ሆኖ ዐቅሙ 291 ይደርሳል። በዚህ ጊዜ መጨበጡ እንደ ቀድሞው ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፣ ፔዳሉ ግን ይከብዳል። ሁለቱም «ጠንካራ» ይባላሉ፤ ነገር ግን አንዱ የሚያስቸግረው መነሻ ላይ፣ ሌላው የሚያስቸግረው በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ለግራ እግር ነው። ገዢው ሊጠይቀው የሚገባው እንግዲህ ጥንካሬውን ሳይሆን ዐቅሙን በኒውተን ሜትርና የተገኘበትን መንገድ ነው።

፭. «ሸራ»

«ሸራ» ቃሉ ጨርቅን የሚያመለክት ሆኖ፣ በጋራዥ ቤት ለፍሬንም ለፍሪሲዮንም የሚተሻሸውን ልባስ ይሰይማል። ቀደም ባለው ዘመን ይህ ልባስ አስቤስቶስ ስለነበረበት ብናኙ ለሳንባ አደገኛ ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት አስቤስቶስን እ.ኤ.አ. ከ2005 መጀመሪያ ጀምሮ ከልክሎታል። ዛሬ የሚሠራባቸው ዋና ዋና ዐይነቶች ሦስት ናቸው።

ሀ) ከቃጫና ከሙጫ የተሠራው፣ በተለምዶ «ኦርጋኒክ» የሚባለው። አጨባበጡ ለስላሳ ነው፤ በብርቱ ሙቀት ግን ይደክማል። ለአብዛኛው የመንገድ መኪና የሚስማማው ይህ ነው።

ለ) ኬቭላር በሚባለው ቃጫ የተሠራው። በእርጋታ ያረጃል፤ አጨባበጡም ለስላሳ ነው። ይሁን እንጂ ረጅም የመላመጃ ጊዜ ይፈልጋል፤ አንዴ ከመጠን በላይ ከጋለም ገጹ መስታወት ይመስላል፣ የመጨበጥ ጠባዩም ይቀንሳል።

ሐ) ከሸክላና ከብረት ብናኝ ተጋግሮ የተሠራው፣ «ሴራሚክ» የሚባለው። ብርቱ ሙቀት ይችላል፣ የሰበቃ መጠኑም ከፍ ያለ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራው እንደ ሙሉ ቀለበት ሳይሆን ተራርቀው እንደተሰኩ ቁራጮች ነው። ከቆመበት ሲነሣ መኪናው ይንቀጠቀጣል፤ የቮላኖውንም ገጽ ቶሎ ይበላል። ቦታው የውድድር ሜዳ ነው።

ይህ ሦስተኛው ዐይነት ጨርቅም ቃጫም የሌለበት ሆኖ ሳለ «ሸራ» መባሉ ለቃላት አጥኚ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ቃሉ ከቁሱ ተላቅቆ የሥራውን ስም ይዟል። ስለዚህ «ሸራ»ን እንደ ጥቅል ስም አጽንቶ «የቃጫ ሸራ»፣ «የኬቭላር ሸራ»፣ «የሴራሚክ ሸራ» ማለት ይበቃል።

፮. «ደረጃ» እና «ኦርጅናል»

የማጠናከሪያ ፍሪሲዮን አምራቾች ዕቃቸውን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ በቁጥር ያሰልፋሉ። ይህን ቁጥር ወደ አማርኛ «ደረጃ 1»፣ «ደረጃ 2» ብሎ መመለስ ቀላል ይመስላል፤ አደጋው ግን ከዚሁ ይጀምራል። በአማርኛ «ደረጃ» ከፍታን ብቻ ሳይሆን በሕጋዊ መሥሪያ ቤት የጸደቀ መለኪያንም ያመለክታል። «ደረጃውን የጠበቀ» ሲባል ተፈትኖ የታለፈበት ማለት ነው። የእነዚህን ቁጥሮች ትርጉም ግን የወሰነ አንድም የጋራ ተቋም የለም። እያንዳንዱ አምራች በራሱ ፈቃድ ያወጣቸዋል፤ የአንዱ «ሁለት» የሌላውን «ሦስት» ሊያህል ይችላል። ስለሆነም «እርከን» የሚለው ቃል ይሻላል፤ ከፍ ዝቅ ማለትን ይነግራል፣ ያልተሰጠ ዋስትናን ግን አይሰጥም።

«ኦርጅናል»ም እንደዚሁ መበጠር አለበት። በገበያ ቋንቋ በመኪናው ፋብሪካ ስም የታሸገውም፣ ለፋብሪካው የሚያቀርበው ኩባንያ በራሱ ስም የሚሸጠውም፣ አንዳንዴም ጥሩ የሆነው ሁሉ «ኦርጅናል» ይባላል። ለምሳሌ ኤክሴዲ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለመኪና ፋብሪካዎችም ያቀርባል፣ በራሱ ስምም ለምትክ ገበያ ይሸጣል። እንዲህ ያለው ዕቃ የፋብሪካው ማኅተም የለበትም ተብሎ ሐሰተኛ አይባልም። በመሆኑም «የፋብሪካ ዕቃ»፣ «አቻ ዕቃ»፣ «ማጠናከሪያ ዕቃ» እና «አስመሳይ ዕቃ» የሚሉት አራቱ ተለይተው ቢያዙ ገዢም ሻጭም ይግባባሉ። ከአራቱ በእርግጥ ሊሸሽ የሚገባው የመጨረሻው ብቻ ነው፤ በብርቱ ዙር የሚፈነዳ ዲስክ የካምቢዮውን ሽፋን ሰብሮ ሊወጣ ይችላልና።

፯. ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው እንደሚታየው፣ ምትክ ፍሪሲዮን መምረጥ በአብዛኛው ጥያቄን በትክክለኛ ቃል የማቅረብ ጉዳይ ነው። ገዢው በቅድሚያ ብልሽቱ መንሸራተት ነው ወይስ አለመላቀቅ? ቀጥሎ የሞተሩ የማዞር ኃይል ስንት ነው? መኪናው የሚውለው ለከተማ ነው ወይስ ለውድድር? ብሎ ይጠይቅ። ሞተሩ ያልተነካ ከሆነ አቻ ዕቃ ከቃጫ ሸራ ጋር ይበቃዋል። ሲለውጥም ዲስኩን፣ ተጫኙን ሳህንና የማላቀቂያውን ኩሽኔታ አንድ ላይ ይለውጥ፤ የቮላኖውን ገጽ ያስመርምር፤ ብዙ አምራቾች እንደሚያዝዙትም የመጀመሪያዎቹን ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር በእርጋታ ይንዳ።

ለመዝገበ ቃላት እንዲታሰቡ የቀረቡት ቃላት የሚከተሉት ናቸው።

ፍሪሲዮን፦ ሞተርንና ካምቢዮን የሚያገናኝና የሚለያይ ክፍል።
መጨበጥ፦ ዲስኩ በቮላኖውና በተጫኙ ሳህን መካከል ተይዞ አብሮ መዞሩ።
መላቀቅ፦ ዲስኩ ከሁለቱም ነጻ መሆኑ።
የመጨበጥ ኃይል፦ ሞላው ተጫኙን ሳህን በዲስኩ ላይ የሚገፋበት ኃይል፤ መለኪያው ኒውተን።
ዐቅም፦ ፍሪሲዮኑ ሳይንሸራተት የሚያስተላልፈው ከፍተኛ የማዞር ኃይል፤ መለኪያው ኒውተን ሜትር።
እርከን፦ አምራቹ ለማጠናከሪያ ዕቃው በራሱ ፈቃድ የሚሰጠው ተራ።

እነዚህ ቃላት ከጋራዥ ቤት አፍ የተወሰዱ ወይም ለዚያ አፍ የማይከብዱ ናቸው። ባለሙያዎች ሠርተውባቸው የሚጎድለውን ቢሞሉ፣ የሚከብደውንም ቢያቀሉ የቃላቱ ፍርድ በእነሱ እጅ ነው።